በቁርጥ የማይሠራ ሥራ

የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለሠራተኛው የሚከፍለው ገንዘብ በአብዛኛው በሦስት መንገድ ይመጣል፦ በደመወዝ፣ በቦነስና በአክሲዮን። ደመወዙ ቋሚ ነው። ቦነሱ ዓመቱ ሲዘጋ በምዘና ውጤት ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። አክሲዮኑ ቃል የሚገባው በቅጥሩ ሰሞን ቢሆንም ሠራተኛው እጅ የሚገባው ቀስ በቀስ፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ዓመት ውስጥ ነው። በእነዚህ ላይ የምስጋና ወረቀቱ፣ የስጦታ ካርዱና ለአንድ ልዩ ሥራ ተብሎ የሚሰጠው ሽልማት ይጨመራሉ። ከቋሚው ደመወዝ በቀር ይህ ሁሉ በአንድ ስም ማትጊያ ይባላል።

ከማትጊያው ጀርባ ያለው እምነት አጭር ነው። ሰው የሚተጋው ለሚከፈለው ነገር ነው፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ውጤት ለክቶ ክፍያውን ከልኬቱ ጋር ያሰረ ኩባንያ የተሻለ ሥራ ያገኛል ይላል። በአሜሪካ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ይህ ሐሳብ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተይዟል። በአዲስ አበባም በውጤት ተኮር ምዘና፣ በቢኤስሲና በኬፒአይ ስም ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። ለሶፍትዌር ሥራ ግን እምነቱ ስህተት ነው። የግል ውጤትን ከገንዘብ ጋር ማሰር የሚገዛው ቁጥሩን እንጂ ሥራውን አይደለም፤ ቁጥሩ በተገዛ መጠን ደግሞ ሥራው ይጎዳል።

እምነቱ የጎለበተው ከኮምፒውተር ዘመን በፊት፣ በብረት ፋብሪካ ግቢ ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1899 በቤተልሔም ብረት ፋብሪካ የጫኞችን ሥራ በሰዓት መለካት ጀመረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ በመጨረሻ ከሚጠቀሰው አዋጅ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ጫኝ በቀን ያነሳው የነበረው 12.5 ቶን ጥሬ ብረት ወደ 47.5 ቶን እንዳደገ፣ የቀን ክፍያውም ከ1.15 ዶላር ወደ 1.85 ዶላር ከፍ እንዳለ ጻፈ። የታሪክ ተመራማሪዎች የትረካውን ዝርዝር ይጠራጠሩታል፤ ሐሳቡ ግን ዓለምን አዳረሰ። አማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ውል የራሱ ቃል አለው፦ በቁርጥ ማሠራት። ጉድጓድ ቆፋሪው በቁርጥ ይዋዋላል፣ ብሎኬት ደርዳሪው በቁርጥ ይዋዋላል። ሜትሩ ይለካል፣ ሒሳቡ ይዘጋል፣ ሁለቱም ወገኖች ምን እንደተሸጠና ምን እንደተገዛ ያውቃሉ።

በቁርጥ ማሠራት ውጤት የለውም ማለት ሐሰት ነው። ኢኮኖሚስቱ ኤድዋርድ ላዚር በ2000 ባሳተመው ጥናት፣ ሴፍላይት የተባለው የመኪና መስታወት ገጣሚ ኩባንያ ከሰዓት ክፍያ ወደ ቁርጥ ክፍያ ሲዞር የሆነውን መርምሯል። የአንድ ሠራተኛ ምርት በአማካይ 44 በመቶ አደገ። ከዕድገቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው ሠራተኞቹ ከቀድሞው ይልቅ ስለተጉ ነው፤ ከቀሪውም ውስጥ ፈጣን ሠራተኞችን መሳብ በመቻሉ የተገኘ አለ። የሠራተኞቹ ገቢም አብሮ ጨመረ። የማትጊያ ደጋፊዎች ደጋግመው የሚያነሱት ይህን ጥናት ነው፤ ጥናቱም ጠንካራ ነው። ነገር ግን መስታወት ወይ ተገጥሟል ወይ አልተገጠመም። ሲሰነጠቅ ማን እንደገጠመው ይታወቃል፤ በሴፍላይትም በአገጣጠም ጉድለት የተበላሸውን ያው ገጣሚ በራሱ ጊዜ እንዲደግመው ይደረግ ነበር። ብዛቱም ጥራቱም በአንድ ሰው ስም ስለሚመዘገብ ቁጥሩና ሥራው አይለያዩም። ጥያቄው ሶፍትዌር እንዲህ ዓይነት ሥራ ነው ወይ የሚለው ነው።

በ1982 አፕል ሊዛ የተባለውን ኮምፒውተር ለማድረስ ይጣደፍ ነበር። የፕሮጀክቱ አለቆች ሥራው ምን ያህል እንደሄደ ለማወቅ ፈለጉና እያንዳንዱ ፕሮግራመር በሳምንቱ የጻፈውን የኮድ መስመር ብዛት በቅጽ ሞልቶ በየዓርቡ እንዲያስረክብ ወሰኑ። ከፕሮግራመሮቹ አንዱ ቢል አትኪንሰን ነበር፤ በስክሪኑ ላይ ሥዕል የሚስለውን ኩዊክድሮው የተባለውን ክፍል የጻፈው እሱ ነው። በዚያ ሰሞን የተወሳሰቡ ቅርጾችን የሚያሰላውን ኮድ አፍርሶ በቀለለ ዘዴ እንደገና ጽፎት ነበር። አዲሱ ኮድ ከአሮጌው ስድስት እጥፍ ገደማ ፈጠነ፤ ርዝመቱም በ2,000 መስመር ያህል ቀነሰ። ቅጹ ሲደርሰው የመስመር ብዛት በሚለው ቦታ ላይ ከ2,000 ፊት የመቀነስ ምልክት አድርጎ ጻፈና መለሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አለቆቹ እሱን ቅጽ ሙላ ማለት ተዉ። ታሪኩን ለትውልድ ያቆየው የአፕል ባልደረባው አንዲ ኸርዝፌልድ ነው።

ያ ቅጽ ከገንዘብ ጋር አልታሰረም ነበር። ታስሮ ቢሆን ኖሮ የሳምንቱ ምርጥ ሥራ የሳምንቱን ዝቅተኛ ክፍያ ያስገኝ ነበር። ይህ ተረት እንዳልሆነ የማይክሮሶፍቱ ስቲቭ ባልመር በ1996 በታየ ዘጋቢ ፊልም ላይ ተናግሯል፦ ማይክሮሶፍት ከአይቢኤም ጋር በሚሠራበት ጊዜ አይቢኤም ፕሮግራምን በሺህ መስመር ይለካ ነበር፤ ማይክሮሶፍቶች አንድን ሥራ አሳጥረውና አፍጥነው ሲጽፉ ደግሞ በዚያ ስሌት ያነሰ እንደሠሩ ይቆጠርባቸው ነበር።

ዛሬ መስመር በመቁጠር የሚመካ አለቃ ጥቂት ነው። ልኬቱ ተቀይሯል፤ ችግሩ ግን አልተቀየረም። የተዘጋ ትኬት (የተመዘገበ የሥራ ጥያቄ) ከተቆጠረ አንዱ ሥራ አሥር ትኬት ሆኖ ይሸነሸናል። ለተጠቃሚ የወጣ አዲስ ነገር ከተቆጠረ ነባሩን የሚጠግን ይጠፋል። የተጠገነ ስህተት ከተቆጠረ ከመነሻው ስህተት እንዳይኖር አድርጎ የጻፈው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ከሁሉም በላይ የማይቆጠረው ሥራ ብዙ ነው። አዲስ ገቢን አጠገብ አስቀምጦ ማስረዳት፣ የባልደረባን ኮድ መስመር በመስመር አንብቦ ጉድለቱን መንገር፣ ሰርቨር በሌሊት ሲወድቅ ተነሥቶ ማንሳት በማንም ስም የሚመዘገብ ቁጥር የላቸውም። ይህ ነገር ባይሠራ ይሻላል ብሎ በስብሰባ መሐል የሚናገር ሰው ለኩባንያው የወራት ልፋት ያድንለታል፤ በቅጹ ላይ ግን ምንም አልሠራም።

ይህን ያሉት የገንዘብን ኃይል የሚንቁ ሰዎች አይደሉም። ቤንግት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን በሒሳብ አሳይተዋል፤ የመጀመሪያው በ2016፣ ሁለተኛው በ2020 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። አንድ ሥራ ብዙ ዘርፎች ኖረውት መለካት የሚቻለው ከፊሉ ብቻ ከሆነ፣ ለሚለካው ክፍል ጠንካራ ማትጊያ ማድረግ የማይለካውን ክፍል ያስጥላል፤ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ቋሚ ደመወዝ ከማትጊያ ሊበልጥ ይችላል። ስለ ማትጊያ የተጻፈው የኢኮኖሚክስ ትምህርት ራሱ በውስጡ ይህን ማስጠንቀቂያ ይዟል፤ የቦነስ ሠንጠረዥ የሚያዘጋጁ ሰዎች ግን የሚያነቡት የፊተኛውን ገጽ ብቻ ይመስላል።

የመለካት ችግር ቢፈታ እንኳ ሌላ ችግር ይጠብቃል። ሳም ግሉክስበርግ በ1962 ባሳተመው ሙከራ ለተሳታፊዎች አንድ ሻማ፣ ክብሪትና ትንንሽ ሚስማሮች የተሞላ ሣጥን አቀረበላቸው፤ ሰሙ ጠረጴዛው ላይ እንዳይንጠባጠብ አድርገው ሻማውን ግድግዳ ላይ እንዲያቆሙት ጠየቃቸው። መፍትሔው ሚስማሮቹን ዘርግፎ ባዶውን ሣጥን ግድግዳው ላይ መምታትና ሻማውን እላዩ ላይ ማቆም ነው፤ ለዚህም ሣጥኑን እንደ ዕቃ መያዣ ብቻ ማየት መተው ያስፈልጋል። ለፈጠነ ገንዘብ ይሰጣል የተባሉት ሰዎች ምንም ቃል ካልተገባላቸው ይልቅ በአማካይ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ዘገዩ። ሚስማሮቹ አስቀድመው ከሣጥኑ ወጥተው ሲቀርቡ ግን፣ መፍትሔው በግልጽ ስለሚታይ፣ ገንዘብ የተባሉት ቀደሙ። ገንዘብ ዓይንን አንድ ቦታ ላይ ይተክላል፤ መንገዱ ለሚታወቅ ሥራ ይህ ይጠቅማል፣ መንገዱ ለሚፈለግ ሥራ ግን ይጎዳል። ክሪስቶፈር ሴራሶሊና ባልደረቦቹ በ2014 የአርባ ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩም ያገኙት ተቀራራቢ ነው። ማትጊያ በይበልጥ የሚተነብየው የሥራን ብዛት ሲሆን፣ ጥራቱን በይበልጥ የሚተነብየው ሰው ለሥራው ያለው የውስጥ ፍላጎት ነው። ከፕሮግራመር ደግሞ የሚፈለገው ብዛት አይደለም።

ማትጊያው ሠራተኛን ከሠራተኛ ማበላለጥ ሲጀምር ጉዳቱ ከአንድ ሰው አልፎ ወደ ቡድኑ ይገባል። ጃክ ዌልች ጄኔራል ኤሌክትሪክን በመራባቸው ዓመታት ሠራተኞች 20 በመቶ ላይኛ፣ 70 በመቶ መካከለኛ፣ 10 በመቶ ታችኛ ተብለው እንዲመደቡ አድርጓል። ማይክሮሶፍት ተመሳሳይ የደረጃ አመዳደብ ለዓመታት ይዞ ቆየ። አሠራሩን በአሥር ሰዎች ቡድን ላይ ማየት ይበቃል። ሥራው ሳይጀመር ሁለቱ ምርጥ፣ ሰባቱ መካከለኛ፣ አንዱ ደካማ እንደሚባሉ ተወስኗል። አሥሩም ከምንም የበለጠ ቢሠሩ አንዱ ደካማ መባሉ አይቀርም። የዓመቱ ምዘና ሲደርስ አለቆች በዝግ ክፍል ተሰብስበው እያንዳንዱ ስም የት እንደሚቀመጥ ይደራደራሉ፤ ቦነሱም፣ አክሲዮኑም፣ ዕድገቱም ከዚያ ድርድር ይወጣል።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ከሱ ከሚበልጡ ሰዎች ጋር አንድ ቡድን ውስጥ አይገባም። ባልደረባው ሲጠይቀው እስከሚያስከብረው ድረስ ይመልስለታል እንጂ የሚያውቀውን ሁሉ አይሰጠውም። ከሥራው ይልቅ በድርድሩ ክፍል ለሚቀመጡ አለቆች መታየትን ያስባል። ጋዜጠኛው ከርት አይከንዋልድ በ2012 በቫኒቲ ፌር መጽሔት ባወጣው ሰፊ ዘገባ፣ ያነጋገራቸው የማይክሮሶፍት ነባርና የቀድሞ ሠራተኞች ሁሉ የኩባንያው እጅግ አጥፊ አሠራር ብለው የጠቀሱት ይህንኑ እንደሆነ ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ክፍያው የጠየቃቸውን በትክክል አደረጉ። በደቦ የወጣ ገበሬ የእያንዳንዱን ነዶ ቁጥር እንዲይዝና በመጨረሻ አንዱ እንዲዋረድ ቢደረግ፣ በማግስቱ ለደቦ የሚወጣ አይገኝም።

በኅዳር 2013 የማይክሮሶፍት የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረችው ሊሳ ብረመል አመዳደቡ መቅረቱን ለሠራተኞች አስታወቀች። ቦነስና አክሲዮን አልቀሩም፤ የቀረው አስቀድሞ የተወሰነው ኮታ ነው። አዶቢ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዓመታዊ ምዘናውን ትቶ ነበር፤ ባደረገው ስሌት አለቆቹ በየዓመቱ 80,000 ሰዓት ያህል ለምዘና ወረቀት ያውሉ እንደነበር ገልጿል። ይህ ሰዓት ከሥራው የተወሰደ ሰዓት ነው።

የጉግል ታሪክ ደግሞ ልግስናም ከዚህ ወጥመድ እንደማያመልጥ ያሳያል። ኩባንያው በ2004 መሥራቾቹ የሚሰጡት ታላቅ ሽልማት አቋቁሞ፣ መጀመሪያ ላይ ለሁለት ቡድኖች 12 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሰጠ። የኩባንያው የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረው ላዝሎ ቦክ በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ ውጤቱን ሳይሸሽግ ጽፎታል። ያልተሸለሙት ብዙዎች ተቀየሙ፤ ከተሸለሙትም መካከል እርስ በርስ ድርሻቸውን አወዳድረው ያዘኑ ነበሩ። አንድ ትልቅ ምርት የብዙ መቶ ሰዎች እጅ ያረፈበት ስለሆነ ሽልማቱ የት ላይ እንደሚቆም በፍትሕ መወሰን አይቻልም።

በ2011 የጸደይ ወራት ላሪ ፔጅ የኩባንያውን መሪነት እንደተረከበ ሌላ ማትጊያ መጣ። ጉግል በማኅበራዊ ትስስር መስክ በሚያገኘው ውጤት መሠረት የሠራተኞች ሁሉ ቦነስ እስከ 25 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ተደረገ። በሰኔ ወር ጉግል ፕላስ ወጣ። በ2013 ዩቲዩብ ላይ አስተያየት ለመጻፍ የጉግል ፕላስ አካውንት ግዴታ ሆነ፤ ተጠቃሚው አጉረመረመ፣ በ2015ም ግዴታው መነሣት ጀመረ። በ2018 ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው፣ ሰዎች ጉግል ፕላስን ከከፈቱባቸው ጊዜያት 90 በመቶው ከአምስት ሴኮንድ በታች የቆዩ ነበሩ። በሚያዝያ 2019 ለግል ተጠቃሚዎች ተዘጋ። ጉግል ፕላስ የወደቀው በቦነሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በዓለም ላይ ከሚገኙ ምርጥ መሐንዲሶች ብዙዎቹን የያዘ ኩባንያ ግን ሁሉንም ሰው በአንድ ግብ ላይ በገንዘብ ቢያስርም፣ ሰዎች የሚወዱትን ነገር በዚያ ሊገዛ አልቻለም።

ስለ አክሲዮን የሚነገረው ለየት ይላል፦ ሠራተኛው ባለቤት ስለሚሆን እንደ ባለቤት ይተጋል ይባላል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ባለው ኩባንያ ውስጥ የአንድ መሐንዲስ ትጋት የአክሲዮኑን ዋጋ አያንቀሳቅስም። የሜታ አክሲዮን በ2022 ከ60 በመቶ በላይ ወርዶ በ2023 ወደ ሦስት እጥፍ ሲጠጋ፣ መሐንዲሶቹ በመጀመሪያው ዓመት ሰንፈው በሁለተኛው አልበረቱም። አክሲዮን በእርግጥ የሚሠራው ሰውን ማሰር ነው። አማዞን ለረጅም ጊዜ በተከተለው አሠራር ቃል ከገባው አክሲዮን 5 በመቶውን በመጀመሪያው ዓመት፣ 15 በመቶውን በሁለተኛው፣ 40 በመቶውን በሦስተኛው፣ 40 በመቶውን በአራተኛው ይሰጣል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የሚወጣ ሰው አራት አምስተኛውን ትቶ ይሄዳል። አማርኛ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ይህን ነው። አማዞን በሚገኝባት ሲያትል ውስጥ ይህን ቀን የሚቆጥሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች አሉ፤ የቤት መግዣው፣ ወላጅን የማምጣቱ ጉዳይ አክሲዮኑ እጅ እስኪገባ ይቆያል። ሰውን ማቆየት ለኩባንያው ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ትጋት ብሎ መጥራት ግን ልክ አይደለም።

በዚህ ሁሉ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። አንደኛው ጎበዙና ሰነፉ እኩል ይከፈላሉ ወይ የሚል ነው። አይከፈሉም። ደመወዝ በችሎታ፣ በኃላፊነትና በልምድ ይለያያል፤ የላቀ ሰው ከፍ ባለ ደመወዝ ይቀጠራል፣ ዕድገትም ያገኛል። የሚቀረው በየዓመቱ ቁጥር ለቅሞ ክፍያውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። የማይሠራ ሰው ሲኖር ደግሞ አለቃው አነጋግሮ እንዲሻሻል መርዳት፣ ካልሆነም ማሰናበት አለበት። ይህ የአለቃ ሥራ ነው፤ የቦነስ ሠንጠረዥ በአለቃ ምትክ ሊሠራው አይችልም። ሠንጠረዡ ከሚወደድባቸው ምክንያቶች አንዱ ያን ከባድ ንግግር ስለሚያስቀር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቦነስ የማይከፍል ኩባንያ ምርጥ ሰዎቹን ያጣል የሚል ነው። ኔትፍሊክስ ለዚህ መልስ ነው። በመሪው በሪድ ሄስቲንግስ ዘመን ኩባንያው በግል ውጤት ላይ የተመሠረተ ቦነስ አልከፈለም፤ ገንዘቡን በደመወዝ ውስጥ አስገብቶ በገበያው ላይ ያለውን ከፍተኛ ክፍያ ለመክፈል ሞከረ። ሄስቲንግስ በ2020 ከኤሪን ሜየር ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያቱን አስረድቷል፦ ዓመቱ ሲጀምር የተቀመጠ ግብ በፍጥነት በሚለዋወጥ ሥራ ውስጥ ዓመቱ ሳያልቅ ዋጋ ያጣል፤ ቦነሱ ግን ሰውን እዚያው ላይ ይቸነክረዋል። ኔትፍሊክስ ደካማ ሠራተኛን ፈጥኖ በማሰናበት የሚታወቅ ጨካኝ ቤት ነው፤ ስለዚህ ቦነስ መተው የዋሆች ብቻ የሚያደርጉት አይደለም።

ገንዘብ ትንሽ ነገር አይደለም። ያነሰ የተከፈለው ሰው ቀኑን ሙሉ ስለ ገንዘብ ያስባል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በቂና ፍትሐዊ ደመወዝ መከፈል አለበት። ከዚያ በኋላ ሥራን ወደፊት የሚገፋው ሌላ ነው። ቴሬሳ አማቢሌና ስቲቨን ክሬመር በሰባት ኩባንያዎች የሚሠሩ 238 ሰዎች በየቀኑ የጻፏቸውን 12,000 ያህል የማስታወሻ ገጾች መርምረው በ2011 አሳትመዋል። ጥሩ የሥራ ቀን ብለው ሰዎቹ የመዘገቡት ከምንም በላይ ትርጉም ባለው ሥራ ወደፊት የተራመዱበትን ቀን ነው፤ ያ እርምጃ ትንሽም ቢሆን። ፕሮግራመርን የሚያሰናክሉት ደግሞ ይታወቃሉ፦ ቀርፋፋ ኮምፒውተር፣ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ፣ ግማሽ ላይ የሚሰረዝ ፕሮጀክት፣ ውሳኔ የማይሰጥ አለቃ። ለቦነስ አስተዳደር የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ እነዚህን ለማስወገድ ቢውል በምርቱ ላይ ይታያል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቦነስና ሌሎች የማትጊያ ክፍያዎች ከደመወዝ ትርጉም ውጪ ናቸው። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው ደግሞ በደመወዝ ላይ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝና ከፍተኛ ቦነስ የሚሰጠው ፕሮግራመር በምዘና ቁጥር ከመጨነቁ ሌላ ከሥራ በሚወጣበት ቀንም ያነሰ ይዞ ይወጣል። አዳዲስ የሶፍትዌር ድርጅቶችን እየመሠረቱ ያሉ ሰዎች የክፍያ ሥርዓታቸው ገና አልደረቀም፤ ማይክሮሶፍት ለዓመታት ተሸክሞ የጣለውን ዕቃ አንሥተው መሸከም የለባቸውም። ለግል ቦነስ የያዙትን ገንዘብ በሚቀጥለው በጀት ወደ ደመወዝ ያዙሩት።